አንደኛ ተራ ላይ ያለው መሰላል

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ሻይ እጥዳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሁለቱን ስልኮች ከቻርጀራቸው እነቅላለሁ። አማቴ ከእኔ ቀድመው ነቅተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የደም ግፊት ክኒናቸውን በሻይ ነው የሚውጡት። ሐኪሙ በውሃ ይሁን ቢላቸው "እሱ በውሃ ይዋጠው" ብለዋል። ዳቦውን ቆርሼ አጠገባቸው ሳስቀምጥ ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ነው።

"ሁለት ስልክ የሚይዝ ሰው ምን ያህል ዘመድ ቢኖረው ነው?" ይሉኛል።

"አንዱ የመሥሪያ ቤት ነው፣ እማማ።"

"የትኛው?"

"የሚጠራው።"

"ታዲያ የማይጠራውን በየሌሊቱ ለምን ትመግቢዋለሽ?"

ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።

ከቤት እስከ መጋዘኑ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ፋርማሲውን አልፋለሁ፣ ጎማ ጠጋኙን ሰላም እላለሁ፣ ከዚያ ረጅሙን የቆርቆሮ አጥር ተከትዬ እስከ ትልቁ በር እሄዳለሁ። ዘበኛው በሩን እየከፈቱ "ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል?" ይሉኛል። የምሠራው እርዳታ ድርጅት ስለሆነ ዝናቡም ከእኛ መጋዘን ወጪ የሚሆን ይመስላቸዋል። "ትእዛዝ አልደረሰኝም፣ አባባ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። በዚህ ቀልድ ስድስት ዓመት ስቀናል።

መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ። ማብሪያው ከበሩ በስተግራ፣ ከራሴ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ተተክሏል። የተከለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረጅም ሰው ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ መስሎት ነበር። እኔ አጭር ነኝ። ከማብሪያው ሥር ባለ ሦስት ደረጃ የእንጨት መሰላል አለ። ሦስተኛው ላይ ወጥቼ አበራለሁ፣ ወርጄ መሰላሉን በጉልበቴ ወደ ግድግዳው ገፋ አደርጋለሁ፣ ቢሮዬን እከፍታለሁ። ቢሮዬ የመጋዘኑ አንድ ጥግ በመስታወት ተከልሎ የተሠራ ነው። ሥራዬ የጭነት ሰነድ ማዘጋጀት ነው።

መሰላሉን የሠራው ባለቤቴ ነው፤ የዚህ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ዕቃ ከሚደረደርባቸው የተሰባበሩ የእንጨት ፓሌቶች ጣውላ መርጦ፣ ሚስማሩን አቃንቶ፣ በሁለት ምሳ ሰዓት ጨረሰው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያን ቀን ከማብሪያው ሥር አስቀምጦ "ማብሪያውን ዝቅ ላድርገው ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አልፈቀደም" አለኝ። "አንቺን ከፍ ለማድረግ ግን ፈቃድ አያስፈልግም።" ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው።

አዲሱ ሲስተም የመጣው ከአንድ ወር በፊት ነው። ይዞት የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ባለሙያ ሲሆን ጥሩ፣ ትሑት፣ እንቅልፍ የጎደለው ሰው ነው። ለማንኛውም ጥያቄ "እሱ በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል" ስለሚል የጭነት ሠራተኞቹ በሁለተኛው ቀን ስሙን አፕዴት አሉት። ስም አውጪው የጫኞቹ አለቃ ነው። እሱ ራሱ ክሬን ይባላል፤ ለምን እንደተባለ ትከሻውን ያየ አይጠይቅም።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። እያንዳንዱ ዕቃ መለያ ይለጠፍበታል፤ መለያው በስካነር ሲነበብ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳቀረበው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ክሬን ስካነሩን ተቀብሎ መጀመሪያ ያነበበው የራሱን የሻይ ፔርሙስ ነው። "አልተመዘገበም" አለው ማሽኑ።

"እንዴት አልተመዘገበም? ሃያ ዓመት የጠጣሁበት ነው።"

ዘበኛውም ቀርበው ግንባራቸውን ሰጡ። "እኔንስ ያነበኛል?"

አፕዴት ለአክብሮት ሲል ሞከረ። ማሽኑ ምንም አላለም።

"አያችሁ" አሉ ዘበኛው፣ "በሕዝብ ቆጠራውም እንዲሁ ነው ያለፉኝ።"

እውነቱን ለመናገር ሲስተሙ ጥሩ ነው። በፊት አዲስ ሸራ በመጣ ቁጥር አሮጌው ላይ ይቆለላል፤ ሲወጣም ከላይ ያለው አዲሱ ይወጣል፤ ከሥር ያለው ዓመት እየቆጠረ ይበሰብሳል። አምና ለተፈናቀሉ ሰዎች የላክነው ብርድ ልብስ ሲፈታ እንደ ወንፊት ነበር። አሁን ግን ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። የጭነት ዝርዝሩን ሲስተሙ ራሱ በመግቢያ ቀን ተራ ያወጣዋል፤ ተራ መዝለል የለም። ለጫኝ ወገብ ሳይታሰብ፣ ከሥር ያለው ይጎተትና ይወጣል። ክሬን ይህን ሲሰማ ወገቡን ያዘ እንጂ አልተቃወመም።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ማሳሰቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወለሉ ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር እስከ ዓርብ ድረስ መለያ ካልተለጠፈበት እንደ ውዳቂ ይቆጠርና ከመጋዘኑ ይወገዳል ይላል። ማሳሰቢያው ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ የጻፈው ሰው ቢጫውን መስመር አላየውም። መስመሩ ማብሪያውን ከነመሰላሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያልፈው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ወጥተው ሳለ፣ ታብሌቱን ይዤ መሰላሉ ፊት ቆምኩ።

ቅጹ ጠያቂ ነበር። የዕቃው ዓይነት አለ፤ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ መጠለያ የሚሉ አራት ምርጫዎች ሰጠኝ። መሰላል አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፤ መጠለያ አልኩ። ብዛት ሲለኝ አንድ፣ ሁኔታ ሲለኝ ጥሩ ብዬ ሞላሁ። ሚዛን ላይ አውጥቼ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አልኩት። ፎቶ አንሥቼ አስገባሁ። የገባበትን ቀን ሲጠይቀኝ የትናንቱን ብሞላ የሚከሰኝ አልነበረም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰነድ ላይ ቀን ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ደግሞ አውቀዋለሁ። ትክክለኛውን ቀን ጻፍኩ። አቅራቢ የሚለውን ባዶ ትቼ ለማለፍ ብሞክር ሳጥኑ ቀላ። "የእንጨት ሥራ" ብዬ ጻፍኩ። የአቅራቢ ስልክ የሚለውም ቀላ። በቃሌ የማውቀውን ቁጥር ጻፍኩ።

መለያው ከማተሚያው ሲወጣ ከሦስተኛው ደረጃ ሥር፣ ሰው የማያይበት ቦታ ለጠፍኩት። ዓርብ ውዳቂ ለቃሚዎቹ መጥተው የክሬንን ፔርሙስ፣ የተሰበረ ማራገቢያና ማን እንደሚጫማው ያልታወቀ ግራ ጫማ ወሰዱ። ፔርሙሱን ክሬን በር ላይ ተናንቆ አስመለሰ። መሰላሉን አንብበው፣ "የተመዘገበ ነው" ብለው አለፉት። ያን ምሽት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ትእዛዝ መጣ። ወንዙ ከታች በኩል ሞልቶ ስድስት መቶ አርባ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ነው፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሸራ ዛሬውኑ ይድረስ ይላል። መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው፤ ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለከባድ መኪና ይዘጋል። መኪናው ግፋ ቢል ስድስት ሰዓት ላይ ከበራችን መውጣት አለበት ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው መጫኛው በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሏል። የክሬን ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰልፈዋል።

አፕዴት ታብሌቱን ከፍቶ የጭነት ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "የመጠለያ ቁሳቁስ። ተራ ቁጥር አንድ፤ መሰላል፣ የእንጨት፣ ብዛት አንድ።" ቆመ። እንደገና በልቡ አነበበው።

"የምን መሰላል?" አለ ክሬን።

አፕዴት ፎቶውን አሳየው። ክሬን ፎቶውን አየ፣ ዞሮ ማብሪያውን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። "ይሄማ የጋሼ መሰላል ነው።"

"ሲስተሙ ላይ በጣም አሮጌው የመጠለያ ዕቃ እሱ ነው" አለ አፕዴት። "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።"

"ከዚህ ሁሉ ዕቃ መርጦ የሞተ ሰው ንብረት ላይ ያርፋል? ዝለለውና ሸራውን አንብብ።"

"አይዘልም። ተራ አንድ ካልተነበበ ተራ ሁለት አይከፈትም። ዝርዝሩ ካላለቀ የጭነት ሰነዱ አይታተምም፤ ያለ ሰነድ ደግሞ ኬላው አያሳልፈውም።"

ክሬን ወደ መስታወቱ ዞሮ አየኝ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ዓርብ ያየሁትን ሰነድ እንደገና እያየሁ ነበር።

"ማነው ያስገባው?" አለ።

ይህን ማወቅ አልተቻለም። ሁላችንም በአንድ የይለፍ ቃል ነበር የምንገባው፤ ቃሉም እንዳይረሳ ከማሳሰቢያው ጎን በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ክሬን አፕዴትን ጠረጠረ። አፕዴት "እኔ መሰላል መጠለያ ነው ብዬ አልመዘግብም" ብሎ ተከላከለ። ሰነዱን ገለጥኩ። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አንዴ ከተናገርኩ ቀጥሎ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ያንን ደግሞ ጫኞች በተሰለፉበት ማስረዳት አልፈለግሁም።

"እትዬ፣ አይጨነቁ" አለ ክሬን በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሶ። "የጋሼን መሰላል እኔ አልጭንም። ማሽኑን በራሱ መላ እናሞኘዋለን።"

መላው ቀላል ነበር። መለያውን ከመሰላሉ ሥር በቢላ ጫፍ በዘዴ ፈነቀለና የዘበኛው አሮጌ የእንጨት ወንበር ላይ ለጠፈው። አፕዴት ፊቱን አዞረ፤ "እኔ አላየሁም" አለ፣ ግን ወንበሩን ከሥር የያዘለት እሱ ነው። መጫኛው በር ላይ ያለው ሚዛን ስድስት ኪሎ አለና ከለከለ። ክሬን ወንበሩ ላይ ሁለት ጡብ ጨመረ፤ ዘጠኝ ኪሎ ከመቶ ሲሆን ሚዛኑ ተቀበለ። ጫኞቹ ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለው ካሜራ ብልጭ አለ።

"ምንድነው እሱ?"

"ፎቶውን ያመሳክራል" አለ አፕዴት፣ ድምፁ ውስጥ ኩራትና ሐዘን አንድ ላይ ነበሩ። "ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ስክሪኑ ተመሳሳይነት አርባ አንድ በመቶ አለ። ለማለፍ ሰማንያ ያስፈልጋል።

የሸራ ሣጥን በሣጥን ላይ ደራርበው ሃምሳ ሁለት አገኙ። ባዶ ፓሌት አቁመው አርባ ስምንት ሆነ፤ ሲያጋድሙት ወደ ሠላሳ ወረደ። ሹፌሩ ከጋቢና ወርዶ "አምስት ሰዓት ሊሆን ነው" አለ። ዘበኛው ደክሟቸው "ወንበሬን ከጨረሳችሁ ልቀመጥበት" ብለው መጡና ጡቦቹን አንሥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቁጭ አሉ። ካሜራው ብልጭ አለ። ሚዛኑ ጮኸ፤ ተመሳሳይነቱ ግን ሰባ አንድ በመቶ ነበር።

ጫኞቹ ስክሪኑን ለማየት ተጠጉ።

"አባባ" አለ ክሬን፣ "ከመሰላልነት ዘጠኝ በመቶ ነው የቀረዎት።"

ዘበኛው አልተነሡም። ስክሪኑን በጥሞና አዩት። "በወጣትነቴ አንሥታችሁኝ ቢሆን" አሉ፣ "ሰማንያውን እሞላ ነበር።"

ሹፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ከመስታወቱ ጀርባ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየሁና ተውኩት።

አፕዴት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር። ጥያቄዎ ተመዝግቧል፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ የሚል መልእክት ከቁጥር ጋር ደረሰው። ታብሌቱን ሲገላብጥ ቆይቶ ድንገት ፊቱ ፈካ።

"አንድ መንገድ አለ። አቅራቢው ራሱ ዕቃው በስህተት ነው የገባው ካለ ይሰረዛል። ስልኩ እዚህ አለ። 'የእንጨት ሥራ' ይላል።"

"ደውልለታ" አለ ክሬን።

ተነሣሁ። ምን ለማድረግ እንደሆነ አላውቅም። አፕዴት ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ የቢሮዬ በር ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹ ከኋላው ተሰብስበዋል።

"ይጠራል" አለ ደስ ብሎት። "ይጠራል፣ ይጠራል።"

የጠረጴዛዬ መሳቢያም ጠራ።

"ልጄ፣ እባክሽ ያንን አንሺው" አሉ ዘበኛው። "ሰውዬው ቢያነሣ አያሰማንም።"

አላነሣሁትም። ጥሪው አበቃ፤ መሳቢያውም ዝም አለ። አፕዴት "ሥራ ላይ ይሆናል" ብሎ ደግሞ ደወለ። መሳቢያው ደግሞ ጠራ። ከስልክ ኩባንያው ማስታወቂያ በስተቀር ያ ስልክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ጥሪው ባለቤቴ የመረጠው ነው፤ የበር ደወል ይመስላል። ክሬን ደወሉን ያውቀዋል። ኮፍያውን ከራሱ ላይ አነሣ።

መሳቢያውን ሳብኩት። ስልኩ ወረቀት ማያያዣው ጎን እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሁሉም አዩት። አፕዴት እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየ፣ የእኔን አየ፣ ቀስ ብሎ ጥሪውን ዘጋው። የእኔም ጸጥ አለ።

"አቅራቢው የለም" አልኩ። "መሰላሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያን ዓርብ እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው።"

ማንም ለምን አላለኝም። አንድ ጫኝ እጅጌውን ማውረድ ጀመረ፣ መልሶ ሰበሰበው።

"እንግዲያው ጥሩ" አለ ክሬን። "ስልኩ እጅዎ ላይ ነው። በስህተት ነው ይበሉና ይሰረዝ፤ እኛም እንጫን።"

አፕዴት ግን ወለሉን ያይ ነበር። "ዕቃ ሲሰረዝ ዝርዝሩ እንደገና ይሠራል። አዲሱ የሚወጣው ነገ ጠዋት ነው።" ትንሽ ቆይቶ "በሚቀጥለው አፕዴት..." አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሁሉም ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

"እህቴ፣ እኔ ምን አለብኝ፤ ነገም እሄዳለሁ" አለኝ። "ግን ነገ ከሆነ መኪናውን ተዉትና ጀልባ ፈልጉልኝ።"

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሸራ ለመጫን የክሬን ሰዎች አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ሳይነጋገሩ ከሠሩ ሠላሳ አምስት።

"ክሬን፣ ጫነው" አልኩት።

"እትዬ..."

"መለያውን ከአባባ ወንበር ንቀልልኝ።"

ዘበኛው ተነሡ። መለያውን ተቀብዬ ወደ ማብሪያው ሄድኩ። መሰላሉን ገልብጬ ከሦስተኛው ደረጃ ሥር፣ ከነበረበት ቦታ ለጠፍኩት። እዚያ በእርሳስ "66" ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ባለቤቴ ከፍታውን ለክቶ የጻፈው ነው። ከቢሮዬ ጨርቅ አምጥቼ ሦስቱን ደረጃ ጠረግሁ። ለተረጂ የሚላክ ዕቃ አቧራ ይዞ አይሄድም። ከዚያ ልሸከመው ስል ክሬን በአንድ ጎን ያዘ፤ እኔም በሌላው ጎን አልለቀቅሁም። ለዘጠኝ ኪሎ ዕቃ ሁለት ሰው ሆነን እስከ መጫኛው በር ሄድን። ካሜራው ብልጭ አለ።

"መቶ በመቶ" አለ አፕዴት በለመደው ድምፅ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "ይቅርታ" አለ።

ሸራው በሠላሳ አራት ደቂቃ ተጫነ። ክሬን መሰላሉን ከሁሉ በኋላ፣ ከሸራው በላይ በገመድ አሰረው። መጀመሪያ እንዲወርድ ነው አለ። ሰነዱን አትሜ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። መኪናው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወጣ። ዘበኛው በሩን ዘግተው "ዛሬ ይዘንባል፣ ልጄ" አሉኝ። መጠየቃቸው አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ስልኮቹን ቻርጀር ላይ እንደሰካሁ፣ ወጥ ቤት ሳለሁ አማቴ ተጣሩ።

"ያ የማይጠራው ጮኸ።"

እጄን ጠርጌ አነሣሁት።

"ምን አለ?"

"'ውድ አቅራቢያችን፣ ዕቃዎ በሰላም ደርሷል' ይላል።"

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ስልኩ የልጃቸው እንደሆነ ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

"በሰላም ከደረሰ ጥሩ ነው" አሉ። ሻያቸውንም እንዳስሞቀው ሰጡኝ።

ሹፌሩ የተመለሰው ረቡዕ ነው፤ እስኪመለስ ጢሙ አድጓል፣ ጎኑ ጭቃ ነው። ቢሮዬ ገብቶ ቆሞ አወራ። መኪናው በደረሰ ሰዓት ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሸራ ለመወጠር ከፍ ብሎ ማሰር ያስፈልጋል፤ የሚወጡበት ግን ምንም አልነበረም፤ ያለው ሜዳ ነው። በመሰላሉ ያን ምሽት አሥራ ሰባት ቤተሰብ ሸራውን ወጠረ። በማግስቱ ሰልፍ ነበር፤ ለሸራ አልነበረም፣ ለመሰላሉ ነው። ወረፋውን የምትይዝ አንዲት ሴት ተሾመች።

"አጭር ናት" አለኝ። "ከአንቺም ታጥራለች። ማንም ያለ እሷ ፈቃድ አይወጣበትም።"

"አንተስ?"

"እኔማ ላስመልስልሽ ሞክሬያለሁ፣ እህቴ። ተረካቢው የመመለሻ ሰነድ አለህ ወይ አለኝ፤ ለካ እነሱም ታብሌት አላቸው። ሲስተሙ የሚመልሰው የተበላሸ ዕቃ ብቻ ነው አለኝ። አንዱን እግር ልስበረውና ተበላሽቷል በለኝ አልኩት። ያቺ ሴትዮ ሰምታኝ በጫማዋ አባረረችኝ።"

"ደግ አደረገች" አልኩት።

ሐሙስ ዕለት አፕዴት እየሮጠ መጣ። በመጠለያ ጣቢያው ከተረጂዎች በተሰበሰበው አስተያየት መሰላሉ ከአምስት አምስት አግኝቷል። ሸራው ሦስት ተኩል ነው ያገኘው። ዋናው መሥሪያ ቤት እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ደብዳቤ ልኮልናል፤ የጽሑፉ ርእስ ስለ አዲሱ አሠራር አርቆ አሳቢነት ነው። ከሌሎች ጣቢያዎች የአርባ መሰላል ጥያቄ መጥቷል። ክሬን ደብዳቤውን አስነብቦ ሰማና፣ "ማሽኑ ሲያፍር እንዲህ ነው የሚጽፈው?" አለ።

መሰላሉን እንዲሠራ ለተመረጠ አንድ እንጨት ቤት ልኩ ይላክ ተባለ። የክሬን ሰዎች ስለ ቁመቱ ለግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ አንዱ እስከ ጉልበቱ ነው አለ፣ ሌላው እስከ ወገቡ፤ በቁመታቸው መጠን ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቅጹን ተቀብዬ ስድሳ ስድስት ሳንቲሜትር ብዬ ጻፍኩ። የደረጃ ብዛት፣ ሦስት። ሌላውንም ሞላሁ፤ አንዱም ሳጥን አልቀላም።

ስልኩ ላይ ግን ሲስተሙ በራሱ የላከው ሌላ መልእክት መጥቶ ነበር። ውድ አቅራቢያችን፣ አርባ መሰላል ለማቅረብ ፈቃደኛነትዎን በሰባት ቀን ውስጥ ካላሳወቁን ስምዎ ከአቅራቢዎች ዝርዝር ይሰረዛል ይላል። አፕዴት መልእክቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ "ላስቀረው እችላለሁ፣ እትዬ፣ አንድ ምልክት መጫን ነው" አለኝ። ተወው አልኩት። የማያቀርብ ሰው ዝርዝር ላይ ካለ ነገ ሌላ ሰው ቁጥሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ሥራው እንዲህ አይሆንም። ሰባቱን ቀን ቆጠርኩ። በስምንተኛው ጠዋት ስልኩን ከቻርጀር ስነቅል፣ ስለ አብሮነትዎ እናመሰግናለን የሚል አንድ መስመር ነበረበት።

"ዛሬስ ምን አለ?" አሉ አማቴ።

"አመሰገነ፣ እማማ።"

"ምስጋና ይወዳል" አሉና ክኒናቸውን በሻይ ዋጡ።

አሁን መብራቱን የሚያበራው ክሬን ነው። መጥረጊያ ገልብጦ በእጀታው ጫፍ ይጫነዋል፤ ሁለቴ ይስታል፣ በሦስተኛው ይመታዋል። አዲስ ልሥራልዎት ብሎኝ ነበር። አመስግኜ፣ ቆይ አልኩት። እሱ ከእኔ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ እስኪመጣ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሜ እጠብቃለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ መለያ አለው። ከማብሪያው ሥር መሰላሉ የለም።